አርቱር ራምቦ

ዣን ኒኮላ አርቱር ራምቦ (ጥቅምት 11 ቀን 1847 ዓ.ም. – ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም.) ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ በኋላም በዓደንና በሐረር የኖረ ነጋዴ ነበረ። ግጥሞቹን ከሞላ ጎደል ጽፎ የጨረሰው ገና 21 ዓመት ሳይሞላው ነው። ከዚያ ወዲያ ብዕሩን ለደብዳቤ፣ ለጉዞ ዘገባና ለሒሳብ መዝገብ አዋለው። ዓለም የሚያውቀው በመጀመሪያው የሕይወቱ ክፍል ሲሆን ኢትዮጵያ ያየችው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ቡና የሚያስመዝን፣ ቆዳ የሚቆጥር፣ ለንጉሥ ምኒልክ ጠበንጃ ያመጣ፣ በመጨረሻም በሐረር የራሱን ንግድ ቤት የከፈተ ፈረንጅ። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በዚሁ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ግጥም

ራምቦ በ1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በአርደን አውራጃ፣ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሬዴሪክ ራምቦ የእግረኛ ጦር ሻምበል ነበር፤ በ1860 ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። እናቱ ቪታሊ ኩዊፍ ከገበሬ ቤተሰብ የተገኘች፣ ቆጣቢና ጥብቅ ሴት ስትሆን ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ራምቦ በትምህርት ቤት በላቲን ግጥም ሽልማት የሚያገኝ ተማሪ ነበር። ከዚያ ግን ከቤት መኮብለል ጀመረ።

በ1871 ፓሪስ ገብቶ ከባለቅኔው ፖል ቬርሌን ጋር ተወዳጀ። ሁለቱ በፓሪስ፣ በለንደንና በብራስልስ አብረው ከኖሩ በኋላ በሐምሌ 1873 ቬርሌን በብራስልስ በሽጉጥ ተኩሶ የራምቦን እጅ አንጓ አቆሰለው፤ በዚህም ታሰረ። በዚያው ዓመት ራምቦ «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን በብራስልስ አሳተመ፤ ነገር ግን የማሳተሚያውን ሒሳብ ስላልጨረሰ አብዛኞቹ ቅጂዎች በአታሚው መጋዘን ቀሩ። «ኢሉሚናስዮን» የሚባሉት ጽሑፎቹ በ1886 በፓሪስ መጽሔት ሲወጡ ደራሲው ታጁራ ላይ ግመል እየጠበቀ ነበር።

ግጥም ከተወ በኋላ ብዙ አገር ዞረ። በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ድረስ ከሄደ በኋላ ከጦሩ ጠፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከ1878 ጀምሮ ደግሞ በቆጵሮስ ደሴት በድንጋይ ማውጫ ቦታና በግንባታ ላይ የሠራተኞች ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በ1880 ክረምት ከቆጵሮስ ተነሥቶ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች ሥራ እየፈለገ ወደ ደቡብ ወረደ።

ዓደን

በነሐሴ 1880 ዓደን ሲደርስ 25 ዓመቱ ነበር፤ ገንዘብም፣ ዘመድም፣ የንግድ ልምድም አልነበረውም። ዓደን ከ1839 ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ የነበረች፣ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች ከሰል የሚሞሉባት የመርከቦች መናኸሪያ ናት። የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጠቀሜታዋ ጨምሮ፣ የሕንድ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ተሰብስበውባት ነበር። ከነዚህ አንዱ የሊዮኑ ሰው አልፍሬድ ባርዴ ሲሆን ኩባንያው የየመንን ቡና ገዝቶ ወደ ማርሴይ ይልክ ነበር።

ራምቦ በዚህ ኩባንያ የቡና መጋዘን ተቀጠረ። ሥራው ቡናውን መረከብ፣ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች መቆጣጠር፣ ማስመዘንና በጆንያ አስሞልቶ ማስጫን ነበር። ዐረብኛ ቶሎ ስለለመደና በሒሳብ ጥንቁቅ ስለነበረ አሠሪዎቹ ወደዱት። ባርዴ በዚያው ሰሞን ሐረር ድረስ ሄዶ ገበያውን አይቶ ነበርና በከተማዋ ቅርንጫፍ ሲከፍት ራምቦን ወደዚያ ለመላክ ወሰነ። በኅዳር 1880 የተፈረመው ውል በዓመት 1,800 ሩፒ ደመወዝ፣ ከዚህም ሌላ ከሐረር ቅርንጫፍ የተጣራ ትርፍ ከመቶ አንድ እጅ ይሰጠዋል። ይህች ከመቶ አንድ እጅ የነጋዴነቱ መጀመሪያ ናት ማለት ይቻላል።

ወደ ሐረር

ከዓደን በጀልባ ወደ ዘይላ ተሻግሮ፣ በሱማሌ በረሃ 20 ቀን ያህል በፈረስ ተጉዞ በታኅሣሥ 1880 ሐረር ገባ። ሐረር በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ነገሥታት ሥር አልነበረችም። በ1875 ግብፆች ይዘዋት የግብፅ ጦር ሰፍሮባት ነበር። ከተማዋ በጀጎል ግንብ የታጠረች፣ አምስት በሮች ያሏት፣ በሮቿም ሲመሽ የሚዘጉ፣ መሐለቅ የሚባል የራሷ ገንዘብ የነበራት የንግድ ከተማ ናት። ለአውሮፓ ሰው የተከፈተችው ገና በቅርቡ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ሲገባ እንደ ትልቅ ድፍረት ተቆጥሮለታል።

የቅርንጫፉ ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ከዓደን አቡጀዲና ሌላ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ የብረት ዕቃና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይመጣል፤ ከሐረር ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫና ዝባድ ይሄዳል። ግመል ደጋውን ስለማይወድ ጭነቱ በበረሃው ጫፍ ባለችው በጊልዴሳ ይራገፍና በሌላ ከብት ወደ ላይ ይወጣል። መገበያያው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን አንዱ ብር 28 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሺህ ብር ይዞ የሚጓዝ ነጋዴ 28 ኪሎ ብር ተሸክሟል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ራሱ ጭነት ነው፤ ጠባቂም ይፈልጋል። ብሩ በከተማዋ ሲያጥር ደግሞ ቡና እያለ መግዣ ይጠፋል።

ራምቦ ከሐረር ለእናቱና ለእኅቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በብዛት ተጠብቀው ይገኛሉ። የሚበዙት ምሬት ናቸው፤ መሰልቸት፣ ሕመም፣ የሥራው ከንቱነት። ይሁን እንጂ በነዚያው ደብዳቤዎች የሚያዛቸው መጻሕፍት ሌላ ሰው ያሳያሉ። ስለ አናጢነት፣ ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ ውኃ ሥራ፣ ስለ ቅየሳ የሚያስተምሩ መጻሕፍትን ያስልካል፤ በኋላም አንቷን ዳባዲ ያዘጋጀውን የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ቁርዓን ከፈረንሳይኛ ትርጉሙ ጋር ጠይቋል። ከዐረብኛው ሌላ አማርኛና ኦሮምኛም ተምሯል። የሚያጠራቅመውን ገንዘብ ወደ እናቱ ይልክ ነበር፤ እናቱ ግን በ1882 በገንዘቡ መሬት ስለገዛችበት ተቆጣ፤ ከአገሩ የራቀ ሰው የማያየው መሬት ምን ያደርግለታል ባይ ነበር።

በ1881 መጨረሻ ወደ ዓደን ተመልሶ በ1883 እንደገና ሐረር ሲመጣ የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆኖ ነው። በዚህ ጊዜ ከፈረንሳይ የፎቶግራፍ መሣሪያ በብዙ ወጪ አስመጥቶ ራሱንና ከተማዋን አነሣ። ከነዚያ ፎቶግራፎች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ በአንዱ ራምቦ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እጆቹን አጣምሮ በዛፎች መካከል ቆሟል። በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባው የነበረው ግሪካዊው ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ተመለሰ። ራምቦ ከርሱ የሰማውን አሰናድቶ የጻፈው ዘገባ በፓሪስ የመልክዐ ምድር ማኅበር በ1884 ታተመ። ስለ ነገዶች፣ ስለ ወንዞችና ስለ ንግድ ዕቃ የሚተርከው ይህ ዘገባ ደረቅና ግልጽ ነው፤ ገጣሚ እንደጻፈው የሚያሳብቅ አንድ ቃል አይገኝበትም።

በ1884 የባርዴ ኩባንያ ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ ግብፆችም ሐረርን ለመልቀቅ መዘጋጀት ጀመሩ። ቅርንጫፉ ተዘጋ፤ ራምቦም በመጋቢት ወደ ዓደን ወረደ። ባርዴ እንደገና ተቋቁሞ ቢቀጥረውም የዓደን ኑሮ አልተስማማውም። በዚያ ጊዜ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ጋር በአንድ ቤት ይኖር እንደነበር የባርዴ ቤት ሰዎች መስክረዋል። ባለቅኔ መሆኑን ባርዴ ያወቀው በዚህ ዘመን ከአንድ የፈረንሳይ ጋዜጠኛ ነው፤ ሲጠይቀው ግን ራምቦ ስለዚያ ነገር እንዳይነሣበት ፈለገ።

የጠበንጃው ሲራራ

በጥቅምት 1885 ራምቦ ከባርዴ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ገንዘብ አደጋ ላይ ጣለ። ፒየር ላባቱ የሚባል፣ በሸዋ ረጅም ጊዜ የኖረና በአንኮበር ቤተሰብ የመሠረተ ፈረንሳዊ ነጋዴ ለንጉሥ ምኒልክ ጠበንጃ ለማምጣት ተዋውሎ ነበር። ራምቦ የዚህ ንግድ ሸሪክ ሆነ። ሒሳቡ ቀላል ይመስል ነበር። በአውሮፓ ከጦር መሣሪያነት የወጡ አሮጌ ባለቀስታ ጠበንጃዎች በቤልጂግ በሊዬዥ ከተማ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዛሉ፤ ሸዋ ሲደርሱ ወደ 40 ፍራንክ ያወጣሉ። ሁለት ሺህ ያህል ጠበንጃ ይዞ በጥቂት ወራት ደርሶ የሚመለስ መስሎት ነበር።

የመጀመሪያው መሰናክል ታጁራ ነበረች። ራምቦ በ1885 መጨረሻ ወደዚያች የአፋር ወደብ መጣ፤ ግመል ለመከራየት፣ ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ለመስማማትና መንገዱን ለማስከፈት ወራት ፈጀ። ዝግጅቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ በ1886 ጸደይ የፈረንሳይ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ በዚያ ጠረፍ መሣሪያ ማስገባትን ከለከለ። ላባቱና ራምቦ ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ረጅም አቤቱታ ጻፉ፤ ውሉ ከእገዳው በፊት የተደረገ መሆኑን፣ ወጪውም አስቀድሞ መውጣቱን ዘረዘሩ። ፈቃድ ተገኘ። ወዲያው ላባቱ በነቀርሳ ታመመ፤ ወደ ፈረንሳይ ሄዶም ሞተ። ራምቦ ፖል ሶሌዬ ከሚባል ሌላ ልምድ ያለው ነጋዴ ጋር ለመተባበር ሞከረ፤ ሶሌዬም በመስከረም 1886 በዓደን ሞተ። በዚያው ዓመት ባራል የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ በዚሁ መንገድ ሲጓዝ ከነተከታዮቹ ተገድሏል።

በጥቅምት 1886 ራምቦ ሲራራውን ይዞ ብቻውን ተነሣ። መንገዱ በአሳል የጨው ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ኬላ ወደ ፋሬ ይወጣል። አራት ወር ያህል ተጉዞ በየካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ሲደርስ ገዥው በቦታው የለም። ንጉሥ ምኒልክ ከአንድ ወር በፊት በጨለንቆ ጦርነት የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ይህ ለራምቦ መጥፎ ዜና ነበር። ሐረር ከነመሣሪያዋ በንጉሡ እጅ ገብታለች፤ የዘይላም መንገድ ተከፍቶላቸዋል። ስለዚህ በታጁራ በኩል የመጣው አሮጌ ጠበንጃ የዛሬ ሁለት ዓመት የነበረውን ያህል አይፈለግም።

ከዚህ የባሰው ግን የላባቱ ዕዳ ነው። ሟቹ በሸዋ ከብዙ ሰው ጋር ሒሳብ ነበረበት፤ ባለዕዳ ነኝ ያለ ሁሉ፣ የእውነትም የሐሰትም፣ ወደ ራምቦ መጣ። የሟቹ ሚስትም ድርሻዋን ጠየቀች። ክርክሩ በአንኮበር ገዥ በአዛዥ ወልደ ጻድቅ ፊት ቀረበ። ራምቦ የላባቱን የማስታወሻ ደብተሮች አግኝቶ እንዳቃጠላቸው ራሱ ተናግሯል፤ በውስጣቸው የንብረት ሰነድ እንደነበረ በኋላ ስለተነገረው ይህም ሌላ ክስ አመጣበት። እዚህ ላይ ለራምቦ ብዙ ማዘን አያስፈልግም፤ የአንድን ሟች ደብተር ማቃጠል በየትኛውም አገር ሕግ ፊት አያስመሰግንም።

ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሲመለሱ ራምቦም ወደዚያ ሄደ። ምኒልክ ጠበንጃውን በችርቻሮ አልገዙም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ በቅናሽ ዋጋ ጠቀለሉና ላባቱ ለቤተ መንግሥቱ ነበረበት የተባለውን ዕዳ ከዋጋው ላይ ቀነሱ። ቀሪውንም በእጁ አልሰጡትም፤ በሐረር በተሾሙት በደጃዝማች መኮንን በኩል እንዲከፈለው ደብዳቤ ጻፉለት። በነጋዴው በኩል ሲታይ ግፍ ይመስላል። በንጉሡ በኩል ሲታይ ግን በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚመጣው መሣሪያ አብዛኛው ያረጀና ዋጋው ብዙ እጥፍ የተጨመረበት ነበር፤ ምኒልክም ከፈረንጅ ነጋዴ ጋር መደራደር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ራምቦ ለፈረንሳይ ቆንስላ በጻፈው ሒሳብ ከካፒታሉ ከግማሽ በላይ እንደከሰረ ገልጿል።

ከዚህ ጉዞ ግን አንድ ዘላቂ ነገር ተገኘ። ራምቦ በግንቦት 1887 መጀመሪያ ከፈረንሳዊው አሳሽ ዡል ቦሬሊ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በምንጃርና በጨርጨር በኩል ሐረር ድረስ ሄደ። በየቀኑ የተጓዙትን መንገድ፣ ወንዙንና ከፍታውን መዘገበ፤ ይህም መግለጫ ለመልክዐ ምድር ማኅበሩ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ለአውሮፓውያን እንግዳ የነበረው ይህ መንገድ ሸዋን ከባሕር የሚያገናኝ ዋና መሥመር ለመሆን በቃ። በነሐሴ 1887 ካይሮ ሲደርስ 16,000 ፍራንክ ያህል ወርቅ በወገቡ ታጥቆ እንደሚዞርና ክብደቱ 8 ኪሎ ያህል ሆኖ እንደሚያሳምመው ለቤተሰቡ ጻፈ። ያን ያህል የወርቅ ፍራንክ በሚዛን ቢቀመጥ ከ5 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ለደከመው ወገብ ግን እንደዚያ ሳይሰማው አልቀረም። እዚያው ካይሮ ስለ ሸዋና ስለ ሐረር ሁኔታ በአንድ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ።

የራሱ ንግድ ቤት

ራምቦ በግንቦት 1888 ሐረር ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ የማንም ቅጥር አልነበረም። በዓደን ከሚኖረው ከነጋዴው ሴዛር ቲያን ጋር ተሻርኮ ንግድ ቤት ከፈተ። ቲያን ከዓደን ሸቀጥ ይልካል፤ ራምቦ ሽጦ በምትኩ ቡና፣ ሙጫ፣ ቆዳ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይልክለታል። ከዚህ ጎን ለጎን ለራሱ ብቻ የሚነግደውም ነበረው፤ ለዚህም በሸዋ የነበሩትን ፈረንሳዊውን ነጋዴ አርማን ሳቩሬንና የስዊስ ተወላጁን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን በወኪልነት ይጠቀም ነበር። ኢልግ ከ1879 ጀምሮ በምኒልክ ዘንድ የኖረ፣ አማርኛ የሚናገርና የንጉሡን ፍላጎት የሚያውቅ ሰው ነው።

ራምቦና ኢልግ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች የዚያን ዘመን የንግድ ኑሮ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ቀርበው ያሳያሉ። ራምቦ ከሐረር ድስትና መጥበሻ፣ የመጻፊያ ደብተር፣ መቁጠሪያ፣ ጨሌና ጨርቅ ይልካል፤ ኢልግ እንጦጦ ላይ ሸጦ ብሩን ወይም ወርቁን እንዲመልስ ይጠበቃል። ዕቃው ሁሉ ግን አይሸጥም። መጻፍ የሚችል ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት አገር ደብተር በብዛት መላክ ምን እንደሚጠቅም ኢልግ በቀልድ ይጠይቀዋል፤ ድስቶቹም ገዥ አጥተው ተቀምጠዋል። ራምቦ በበኩሉ ዋጋ ቀንሰህም ቢሆን ሽጥልኝ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ለምን ቀነስክ ብሎ ይነጫነጫል። አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ አዲስ ገበያ ውስጥ የገባው ይህ ሰው የሸዋን ገዥ የሚያውቀው ከሩቅ ነበር። የሐረርን ግን በቅርብ ያውቅ ነበርና በቡናውና በቆዳው ንግድ እንዲህ ዓይነት ስሕተት አይታይበትም።

ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ገንዘብ ማስከፈል ነበር። በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የሚከፈል ሒሳብ የሐረር ግምጃ ቤት ሲደርስ ብር የለም ይባላል፤ ወይም በቡና እንዲወስድ ይጠየቃል፤ ቡናውም ሲመጣ ዋጋው ከገበያ ይበልጣል። ራምቦ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለኢልግና ለሳቩሬም ጭምር እየተመላለሰ ይጠይቅ ነበር። ከደጃዝማች፣ ከ1890 በኋላ ራስ፣ መኮንን ጋር የነበረው ግንኙነት ግን በመከባበር ላይ የቆመ ነው። መኮንን ወደ ኢጣሊያ በ1889 ሲሄዱና ሲመለሱ የነበረውን የከተማዋን ሁኔታ የራምቦ ደብዳቤዎች ይዘግባሉ።

ዘመኑም ክፉ ነበር። በ1888 የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ በሚያስታውሰው ረኃብ ላይ ጣለው፤ ሐረርም የተራበው የሚሰበሰብባት ከተማ ሆነች። በዚህ መካከል ራምቦ ለድሆች ይሰጥ እንደነበር፣ ለራሱ ግን እጅግ ቆጥቦ ይኖር እንደነበር ባርዴና ሌሎች የሚያውቁት ሰዎች መስክረዋል። ሥጋ እምብዛም አይበላም፤ መጠጥ ትቷል፤ በከተማዋም በእግሩ ይዞራል። ጃሚ የተባለ የሐረር ወጣት በታማኝነት ያገለግለው ነበር። ከጸባዩ ሌላ ወገንም ይነገራል፤ ንግግሩ መራራ፣ ቀልዱ ተናካሽ ነበር፤ ቆዳውን የሚያበላሹበትን ውሾች መርዝ ሰጥቶ ገድሏል ተብሎም በሐረር የነበሩ አውሮፓውያን አውርተውለታል።

በ1890 አንድ የፈረንሳይ መጽሔት አዘጋጅ በቆንስላው በኩል ደብዳቤ ጽፎ በአዲሶቹ ባለቅኔዎች ዘንድ እንደ መሪ እንደሚቆጠር ነገረው፤ እንዲጽፍም ጋበዘው። ራምቦ ደብዳቤውን ከወረቀቶቹ ጋር አስቀመጠው።

ስለ ባሪያ ንግድ

ራምቦ በባሪያ ንግድ ተካፍሏል የሚለው ክስ ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም ቆይቷል። በሰፊው የተሰራጨው በ1937 እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ኢኒድ ስታርኪ ራምቦ በአቢሲኒያ ስላሳለፈው ዘመን ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። በ1962 ጣሊያናዊው ማሪዮ ማቱቺ ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ክሱ በቂ መሠረት እንደሌለው አሳየ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉትም ይህን ነው። ይህ ማለት ግን እጁ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1889 ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቋል፤ ለአገልጋይነት መሆኑ ነው። ኢልግ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቶ እንደማያውቅና ወደፊትም ሊጀምር እንደማይፈልግ በትሕትና መለሰለት። ጥያቄው የቀረበው ለሸቀጥ በሚጻፍበት ቃና፣ ከሌሎች ትእዛዞች መካከል ነው፤ ስለ ዘመኑም ስለ ሰውየውም አንባቢ የራሱን ፍርድ ሊሰጥበት ይችላል።

ሕመምና ሞት

በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። በመጀመሪያ የእግር መንገድና የፈረስ ድካም መሰለው። በመጋቢት መራመድ ስላልቻለ አልጋውን ወደ መስኮት አስጠግቶ፣ በግቢው የሚደረገውን ሚዛን ተኝቶ እየተመለከተ ሥራውን ለመቀጠል ሞከረ። በመጨረሻ ዕቃውን በችኮላ፣ በኪሳራም ጭምር ሸጦ ንግዱን ዘጋ። ቃሬዛ በራሱ ንድፍ አሠርቶ፣ 16 ተሸካሚ ቀጥሮ፣ በሚያዝያ 7 ቀን ሐረርን ለቀቀ።

ወደ ዘይላ የተደረገው የ300 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከአሥር ቀን በላይ ወሰደ። ራምቦ በመንገድ ላይ በእርሳስ አጭር ማስታወሻ ይዟል። ግመሎቹ ወደ ኋላ ስለቀሩ ያለ ድንኳንና ያለ ምግብ በዝናብ ውስጥ ያደረበት ሌሊት አለ። ተሸካሚዎቹ ሲያወርዱት መሬት ላይ ስለጣሉት አራቱን እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ብር ቀጣቸው፤ ቅጣቱንም ከነስማቸው መዘገበ። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖም መዝገብ ያዥነቱን አልተወም።

ዓደን ደርሶ በሆስፒታል እንደተኛ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ዘጋ። ከአሥር ዓመት በላይ ከለፋበት ንግድ የደረሰው 37,450 ፍራንክ የባንክ ሐዋላ ነበር። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ በአገሩ ከወለዱ ሊኖርበት ይችል ነበር። በግንቦት 20 ማርሴይ ገባ፤ በኮንሴፕሲዮን ሆስፒታልም በግንቦት 27 ቀኝ እግሩ ከጭኑ ተቆረጠ። በሽታው የአጥንት ነቀርሳ እንደነበረ ይታመናል። ራስ መኮንን የሕመሙን ወሬ ሰምተው በሐምሌ የማጽናኛ ደብዳቤ ልከውለታል።

በሐምሌ መጨረሻ ወደ እናቱ ቤት ወደ ሮሽ ሄዶ አንድ ወር ቆየ። ቅዝቃዜውን አልቻለውም፤ ሐረር መመለስን ብቻ ያስብ ነበርና ወደ ደቡብ ለመቅረብ ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር እንደገና ወደ ማርሴይ ተጓዘ። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል አልወጣም። በኅዳር 9 ቀን 1891፣ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት፣ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ዳይሬክተር ደብዳቤ አስጻፈ። ወደ ስዌዝ በሚሄድ መርከብ ላይ መሳፈር እንደሚፈልግ፣ ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ መሆኑንና በስንት ሰዓት ተሸክመው እንደሚያሳፍሩት እንዲነገረው ይጠይቃል። በማግስቱ በ37 ዓመቱ ሞተ፤ በሻርልቪልም ተቀበረ።

ለአገልጋዩ ለጃሚ 3,000 ፍራንክ፣ በጠገራ ብር 750 ያህል፣ እንዲሰጥ ተናዝዞ ነበር። ገንዘቡ በቲያንና በሐረር በነበሩት የካፑቺን ሚሲዮን ጳጳስ በአቡነ ቶሬን ካኻኝ በኩል ተላከ። ሐረር ሲደርስ ጃሚም በወጣትነቱ ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተከፈለ።

በሐረር

በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ ለጎብኚ የሚታየው ባለ ፎቅ የእንጨት ሕንፃ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ ስለሆነ በዚህ ሕንፃ ውስጥ አልኖረም፤ ምናልባት በቦታው ላይ ቀድሞ በነበረ ቤት ኖሮ ይሆናል የሚሉ አሉ። በስሙ የተነሣ ከአሜሪካው የፊልም ጀግና ጋር የሚያምታቱት ጎብኚዎችም አይጠፉም። ቤቱ ታድሶ አሁን በባህል ማዕከልነትና በሙዚየምነት ያገለግላል። ከጣሪያው ሥር ባለው ፎቅ ባለቀለም መስታወት መስኮቶች አሉ፤ በክፍሎቹም የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ራምቦ ራሱ የሠራበት የባርዴ ቅርንጫፍ ግን በፈረስ መጋላ አደባባይ አካባቢ ነበር።